ሜትር ይዘሽ የቆምሽበት ቦታ

ውድ እህቴ፣

ደብረ ብርሃን በሚገኝ የእንጨት ውጤቶች ፋብሪካ ለተግባር ልምምድ ገብተሽ፣ ማሽን ክፍል ስትጠብቂ ጥራት ቁጥጥር መመደብሽን ጽፈሽልኛል። «ቀኑን ሙሉ ጣውላ እየለካሁ ምን ሙያ ይዤ እወጣለሁ? ክፍል እንዲቀይሩልኝ ልጠይቅ?» ላልሽው መልሴ አትጠይቂ ነው።

ማሽን ላይ ብትመደቢ የምታውቂው ያንኑ ማሽን ነው። አሁን ባለሽበት ጠረጴዛ ግን የመጋዙም፣ የማድረቂያውም፣ የኮላውም ጥፋት ተራ በተራ ይመጣልሻል። የተጣመመ ጣውላ ሲደርስሽ «ውድቅ» ብለሽ ብቻ አትለፊው፤ ከየትኛው ክምር እንደመጣና ስንት ቀን እንደደረቀ ጠይቂ። በአካባቢያችሁ የሞላው ባህር ዛፍ ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ያበዛል። እንጨት መኮማተር የሚጀምረው እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ስለሆነ፣ ዛሬ በሜትርሽ ቀጥ ብሎ ያለፈ ጣውላ ነገ ጠረጴዛ ከሆነ በኋላ ሊጣመም ይችላል።

የጣውላውን እርጥበት ለመለካት አስፈቅደሽ ይህን ሞክሪ። ከጣውላው ጫፍ ራቅ ብሎ ትንሽ ቁራጭ አስቆርጪ፤ ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። መዝኚው፤ በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቂውና እንደገና መዝኚ። 62 ግራም የነበረው 50 ከሆነ፣ የጠፋውን 12 ለ50 አካፍይ። ለ62 እንዳይሆን፤ የሚካፈለው ለደረቁ ክብደት ነው። ውጤቱ 24 በመቶ ነው፤ ለቤት ዕቃ ገና እርጥብ ነው። ይህን በእጅሽ የሠራሽ ቀን የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የምትናገሪው አገኘሽ ማለት ነው።

የፈረቃ ኃላፊው «ለዛሬ እለፊው» ስላለሽ ጣውላ የጻፍሽው አሳስቦኛል። አትጣዪው፤ ግን ያልለካሽውን እንደለካሽ አድርገሽ አትፈርሚ። የለካሽውን ቁጥር በቀኑና በሰዓቱ መዝግቢ፤ ማሳለፉን የጥራት ክፍሉ ኃላፊ ይወስን። ነገሩ ከተደጋገመ ከዩኒቨርሲቲ ለተመደበልሽ መምህር ሳትዘገዪ ንገሪ።

የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም የሻርፕሽን ጫፍ ሳታስገቢ ወደ መጋዙ አትጠጊ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ጠይቂ፤ የእንጨት ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገብሽን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።