ጉበቴ ላይ ስብ አለ ተባልኩ፤ የዕፅዋት ካፕሱሉን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 43 ነው። ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ተነስቼ ጉበትህ ላይ ስብ አለ፣ ግሬድ 2 ነው አሉኝ። በደም ምርመራ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎ 68 መጣ። አልኮል አልቀምስም፤ ክብደቴ 90 ኪሎ ነው። የዕፅዋት ጭምቅ የጉበት ሴሎችን ስብ ከሚያደርስባቸው ጉዳት እንደሚጠብቅ በጥናት ታይቷል የሚል አነበብኩ፤ ካፕሱሉም ይሸጣል። ክሳ ክሳ ከምባል ይህን ብጀምርስ?

መልስ፦ ያነበቡት ውሸት አይደለም። ግን እነዚያ ሴሎች የት እንዳሉ አልነገሩዎትም። ያሉት የላቦራቶሪ ሰሃን ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሠራል። በአብዛኛው የሚጠቀሙት ሄፕጂ-2 የሚባሉ ሴሎችን ነው፤ ከአንድ የ15 ዓመት ልጅ የጉበት ዕጢ የተገኙና ከዚያ ወዲህ በላቦራቶሪ ሲባዙ የኖሩ ናቸው። ፓልሚቲክ አሲድ የሚባል ስብ ይጨመርባቸዋል። ከአንድ ቀን በኋላ ቀይ ማቅለሚያ ፈሰስ ተደርጎባቸው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሆዳቸው በቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ያ ቀዩ ስብ ነው። የሚገርመው፣ ዋናው መርዝ ነጠብጣቡ አይደለም፤ ነጠብጣቡ ሴሉ ስቡን ጠቅልሎ የሚያስቀምጥበት ነው። ኦሊይክ አሲድ የተባለው ስብ ሲሰጠው ሴሉ በደንብ ጠቅልሎ ያስቀምጠውና ይተርፋል። ፓልሚቲክ ግን በቀላሉ አይጠቀለልም። ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ይጨናነቃል፣ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶች ይከማቻሉ፣ ፕሮቲን የሚሠራበት ክፍል ይቃወሳል፣ መጨረሻ ላይ ሴሉ ራሱን ያጠፋል።

አሁን ሚልክ ትስል ከሚባለው ተክል የሚወጣውን ሲሊማሪን ወይም የእርድን ኩርኩሚን ጨምሩበት። ቀዩ ይቀንሳል፣ የሚሞተው ሴል ያንሳል። እውነት ነው፣ ደስ ይላል።

ግን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ጊዜ ጭምቁ የሚሰጠው ከስቡ በፊት ወይም አብሮ ነው። የእርስዎ ጉበት ስቡን ያጠራቀመው በዓመታት ነው። ደግሞ ሰሃን አንጀት የለውም። ኩርኩሚን ሲዋጥ አብዛኛው ሳይመጠጥ ከሰውነት ይወጣል፣ የተመጠጠውንም ጉበት ራሱ ቶሎ ይቀይረዋል፤ ስለዚህ ሰሃኑ ላይ የሠራው መጠን ደም ውስጥ ጨርሶ ላይደርስ ይችላል።

በሰው ላይስ? ሲሊማሪን ማሌዥያ ውስጥ ስብ ጉበታቸውን ባስቆጣባቸው 99 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2017 ታትሟል። 700 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ48 ሳምንት። ዋና ተብሎ በተያዘው መለኪያ ከባዶ እንክብል የጎላ ልዩነት አላሳየም። የጉበት ጠባሳው ላይ ግን ጥሩ ፍንጭ ነበር። ስለዚህ ሲሊማሪንን አላጣጥለውም፤ በእሱ ተማምኜ ግን በሽተኛዬን ወደ ቤት አልሸኝም።

ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። "ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያደርገኛል" የሚለው አባባል። የዋጥነው ነገር ከአንጀት ቀጥታ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው፤ ተጨምቆ የመጣውን ቀድሞ የሚቀበለው ያው የታመመው ጉበት ነው። የአረንጓዴ ሻይ ጭምቅን ይውሰዱ። ሻዩን መጠጣት ችግር የለውም፤ ኢጂሲጂ የተባለው ንጥረ ነገር በካፕሱል በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ግን የጉበት ኢንዛይም ከፍ እንደሚል የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 አሳውቋል። እርድም እንደዚያው ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው ሌላ፣ ካፕሱሉ ሌላ። በተለይ በደንብ እንዲመጠጥ ተብሎ የቁንዶ በርበሬ ጭምቅ የተጨመረበትን የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ እስኪሆን ጉበታቸው ተቆጥቷል። ማስታወቂያው የሚኮራበት ነገር ነው ጣጣውን ያመጣው!

ታዲያ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ይህ 68 የስብ ብቻ ነው ብለው አይደምድሙ። የሄፐታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ተሠርቶልዎታል? ስኳርዎስ ታይቷል? ካልታየ ያሠሩ። ከዚያ ፊብ-4 የሚባል ስሌት አለ፤ ከዕድሜ፣ ከሁለቱ የጉበት ኢንዛይሞችና ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕላትሌቶች ቁጥር ይሠራል። በእርስዎ ዕድሜ ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። ከበለጠ ጉበቱ ምን ያህል እንደጠጠረ የሚለካው ፋይብሮስካን ይከተላል። ግሬድ 2 የሚለው የስቡን ብዛት እንጂ ጠባሳውን አይናገርም፤ እኛ ሐኪሞች የምንሰጋው ደግሞ ጠባሳውን ነው።

ክብደትን በተመለከተ፣ ይቅርታ፣ ማምለጫ የለም። ከክብደትዎ 5 በመቶ ሲወርድ ስቡ ይቀንሳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲወርድ ቁጣውም ይበርዳል። ለእርስዎ ይህ ከ6.3 እስከ 9 ኪሎ ገደማ ነው። በወር አይደለም፣ ቀስ ብለው። ስኳር ያለበትን ለስላሳ ከዛሬ ጀምረው ይተዉ፤ የእግር ጉዞ ኪሎ ባይቀንስ እንኳን የጉበት ስብን ይቀንሳል። ያለ ስኳር ቡና የሚወዱ ከሆነ አይተዉት፣ ቡና የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ ነው የሚገኘው። መድኃኒትም አለ፤ ሬስሜቲሮም በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፣ ግን ጠባሳቸው መካከለኛና ከዚያ ከፍ ላለ፣ ጉበት ጠባሳ በጠባሳ ወደሚሆንበት ደረጃ (ሲሮሲስ) ላልደረሱ ሰዎች ነው።

ካፕሱሉን ገዝተው ከሆነ ደግሞ አይደብቁን። "መድኃኒት ይወስዳሉ?" ስል "ምንም" ይሉኝና ሊወጡ በሩን ሲይዙ "ይቺን ዕፅዋት ነገር ብቻ" ብለው ከቦርሳ ብልቃጥ የሚያወጡ ስንቶች ናቸው። ብልቃጡን ይዘውት ይምጡ። ሽንትዎ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ፣ ሰውነትዎ ካሳከከ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያቁሙትና በዚያው ቀን ይመርመሩ።