አጓቱን ሳታውቁ ካታሊስት አትምረጡ

ለካታሊስት (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ሥራ አዲስ ለሆናችሁ ወጣቶች፣

የወተት ፋብሪካን ተረፈ ምርት ወደ ጠቃሚ ኬሚካል መቀየር ስታስቡ ቀድሞ የሚመጣላችሁ ጥያቄ «ለካታሊስትነት ኒኬል ይሻላል ወይስ ሩቴኒየም?» የሚለው ነው። እሱ ይቆያችሁ። መጀመሪያ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እወቁት።

ከ10 ኪሎ ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብ ሲወጣ ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋው አጓት ሆኖ ይቀራል። ከአጓቱ ከ4.5 እስከ 5 በመቶው ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ ነው፤ ፕሮቲኑም ማዕድኑም እያንዳንዳቸው 1 በመቶ አይሞሉም፤ ሌላው ውሃ ነው። የምትፈልጉት ላክቶሱን ነው፤ የሚያስቸግሯችሁ ግን ያ ጥቂት ፕሮቲንና ማዕድን ናቸው።

ላክቶስን በካታሊስት ላይ በሃይድሮጅን ወደ ላክቲቶል (ለማጣፈጫ የሚውል የስኳር አልኮል) መቀየርን እንውሰድ። 1000 ሊትር አጓት 48 ኪሎ ላክቶስ ቢኖረው 140 ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) መሆኑ ነው፤ የሚበላው ሃይድሮጅን 280 ግራም ብቻ ነው። 30 በመቶ ላክቶስ ያለው ፈሳሽ ለማግኘት ግን 850 ኪሎ ያህል ውሃ መወገድ አለበት። ብዙ ኃይል የሚሄደው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ የጥናት ወረቀቶች ግን ይህን ዘለው ያልፉታል። ደግሞ ላክቶስ በ20 ዲግሪ በ100 ግራም ውሃ የሚሟማው 20 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቧንቧው ከቀዘቀዘ ክሪስታል ሠርቶ ይደፈናል። መስመሩን እስከ ሪአክተሩ (ለውጡ የሚካሄድበት ዕቃ) ድረስ በ60 ዲግሪ አካባቢ ያዙት።

ፕሮቲኑን በአልትራፊልትሬሽን ሜምብሬን (በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ) አውጡ። የአጓት ፕሮቲን ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ስላሉት ድኙ ኒኬሉም ሆነ ሩቴኒየሙ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ካልሲየም ፎስፌት ደግሞ እንደ ስኳር አይደለም፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር መሟሟቱ ይቀንስና የካታሊስቱን ገጽ ይለብሰዋል። ስለዚህ ማዕድኑን በአዮን መለዋወጫ ሬዚን ቀንሱ። ካታሊስቱ በሦስተኛው ዙር ከደከመ፣ ያንኑ ካታሊስት አጥባችሁ በንጹህ ላክቶስ ሞክሩት። ፍጥነቱ ከተመለሰ ችግሩ ላዩ ላይ የነበረ ቆሻሻ ነው፤ ካልተመለሰ በአብዛኛው ተመርዟል፣ ወይም ኒኬሉ ወይም ሩቴኒየሙ ታጥቦ ሄዷል። የቱ እንደሆነ ለመለየት ፈሳሹን ገና ትኩስ ሳለ አጣርታችሁ የሟሟውን ኒኬል ወይም ሩቴኒየም ለኩ።

ከ110 እስከ 130 ዲግሪ፣ ከ40 እስከ 60 ባር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ክሮማቶግራፉን (በምርቱ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ለይቶ የሚያሳየውን መሣሪያ) አንብቡ፤ የጎንዮሽ ምርቱ ጥፋቱን ይነግራችኋል። ላክቱሊቶል ከታየ ፈሳሹ አልካላይን ሆኖ ላክቶሱ መጀመሪያ ወደ ላክቱሎስ፣ ወደ ሌላ ስኳር፣ ዞሯል ማለት ነው። ሶርቢቶልና ጋላክቲቶል አብረው ከወጡ አሲድ ወይም ከመጠን ያለፈ ሙቀት ላክቶሱን ሰብሮታል። ፈሳሹ ቡናማ ከሆነ ፕሮቲኑ በደንብ እንዳልወጣ ጠርጥሩ። «100 በመቶ ተቀይሯል» የሚል ውጤት ብቻውን አያስደስታችሁ፤ የገባው ካርቦን በወጣው ውስጥ ካልተቆጠረ፣ ላክቶሱ ጠፋ እንጂ ምን እንደሆነ አልታወቀም።

የማማሰያውንም ፍጥነት ፈትኑ። በ600፣ በ900 እና በ1200 ዙር በደቂቃ ያንኑ ሥራ ድገሙ። የማማሰያው ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የኬሚካል ለውጡ ከፈጠነ፣ የለካችሁት ካታሊስቱን ሳይሆን ሃይድሮጅን ወደ ውሃው የሚገባበትን ፍጥነት ነው። ሃይድሮጅን በውሃ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው የሚሟማው፤ ካታሊስት ከካታሊስት ስታወዳድሩ ይህን ካልፈተናችሁ የምታገኙት ደረጃ ዋጋ የለውም።

ራኒ ኒኬል (ቀዳዳ የበዛበት የኒኬል ዱቄት) የምትጠቀሙ ከሆነ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ከደረቀ አየር ሲነካው በራሱ ይቀጣጠላል። አደጋው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከማሰሮው ሳይሆን ማጣሪያ ወረቀቱ ላይ ከቀረው ጥቁር ዱቄት ነው፤ ወረቀቱን እርጥብ እንደሆነ ለብቻው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ እንጂ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት። ሪአክተሩ ውስጥ ያለውን አየር ሃይድሮጅን ከመግባቱ በፊት በናይትሮጅን ሦስት ጊዜ አስወጡ፤ ሥራው ካበቃ በኋላም ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሃይድሮጅኑን በዚያው መንገድ አስወጡ።