ሁለተኛው መስመር

ልጆቼ፣

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ ቀናችሁን ይበላዋል። ኢንተርኔቱን የሚያመላልሰው ብርሃን ግን በፋይበር፣ በቀጭኑ የብርጭቆ ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ለዚህ መንገድ ሁለት ሚሊ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። ስለዚህ «ባለሀብት የማይመጣው ጅማ ሩቅ ስለሆነች ነው» የሚላችሁን አትስሙት። የቴክኖሎጂ ሰው የሚፈራው መቋረጥን ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በመስመር ጥገና ነው። አንድ ክረምት ሌሊት ተደወለልኝ፤ የውሃ ቱቦ ሊቀበር ሲቆፈር ስካቫተሩ ፋይበሩን በጥሶት ነበር። ጉድጓዱን ጎርፍ ሞልቶታል፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ሸራ ወጥረን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነውን የብርጭቆ ክር ልጠን፣ በአልኮል ጠርገን፣ አንድ በአንድ ስንበይድ ነጋ። ያን ሳምንት የጥሪ ማዕከል ሊከፍቱ የመጡ እንግዶች ከተማው ውስጥ ነበሩ። ቤት አይተዋል፣ ከዩኒቨርሲቲው የተመረቁ ልጆችን አነጋግረዋል፣ ቡናውንም ወደውታል። ጠዋት አንደኛው ጭቃዬን እያየ ጠየቀኝ፦ «ሌላኛው መስመር በየት በኩል ነው?»

«እዚያው ቦይ ውስጥ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

አንድ ቦይ ውስጥ የተኙ ሁለት ገመዶችን ስካቫተር በአንድ ጉርሻ ነው የሚበላቸው። ሁለት መስመር አለ የሚባለው አንዱ በወልቂጤና በጊቤ በረሃ ሲመጣ፣ ሌላው በነቀምቴና በበደሌ ዞሮ ሲገባ ነው። በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶዎች አናት፣ በመብረቅ መከላከያው ሽቦ ሆድ ውስጥ የሚያልፍ ፋይበርም አለ፤ እሱ ጋ ስካቫተር አይደርስም። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር ሁለት ኦፕሬተር አገኘን ብለን ደስ ብሎናል፤ ደግ ነው። ግን ሁለት ሲም ካርድ ኪሳችሁ ስለገባ ከመሬት በታች ያለው መንገድ ሁለት ሆነ ማለት አይደለም።

«መስመሩ 99 በመቶ ይሠራል» ሲሏችሁም አታጨብጭቡ። የቀረችው አንድ በመቶ በዓመት ከ87 ሰዓት በላይ ናት። 99.9 ሲሆን ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል። የሰው ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድርጅት የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው።

መብራቱም ያው ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ጎረቤታችን ነው፤ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ግን የግድቡ ቅርበት ምን ይረባናል? ባትሪና ጀነሬተር የግድ ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርካችን በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ። ሼዱን፣ የፋብሪካውን አዳራሽ፣ መሥራት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ መሥሪያ ቤቶችን ማስማማት ነው። የፋይበር ዝርጋታ ትልቁ ወጪ ቁፋሮው እንጂ ገመዱ አይደለም፤ ታዲያ መንገዱ ለሌላ ሥራ በተከፈተ ቁጥር በኋላ ፋይበር የሚገባበት ባዶ ቱቦ አብሮ ቢቀበር ምን ነበረበት? እኛ ጋ አንዱ አስፋልት ያነጥፋል፣ ሌላው በወሩ መጥቶ ይሰነጥቀዋል። ይህን ስል የስንቱን ስብሰባ ሻይ በከንቱ እንደጠጣሁ ትዝ ይለኛል።

ሁላችሁም መተግበሪያ መሥራት ትፈልጋላችሁ፤ ሥሩ። ግን ከመካከላችሁ ጥቂቶች ገመዱ የት እንደተቀበረ የሚያውቁ ይሁኑ። የኔን ጥፋት ልንገራችሁ፦ የብዙውን መስመር ካርታ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤ ጡረታ ወጣሁ። «ከማንጎው ዛፍ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ» ብዬ የማስታውሰው ቦታ አለ፤ ማንጎው ከተቆረጠ ቆይቷል። እናንተ እጅ ላይ ያለው ስልክ ቦታውን በጂፒኤስ ይመዘግባል፤ እኔ ደግሞ እግሬ ገና አልከዳኝም። ቅዳሜ ጠዋት ኑ፤ ከአዌቱ ድልድይ እንጀምርና እያሳየኋችሁ ትመዘግባላችሁ። ቦት ጫማ አድርጉ።