ሐዋሳ ላይ ቤት ልገዛ ነው፤ ሻጩ ውክልናም አለው

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጡረታ ስወጣ ልኖርበት ሐዋሳ ውስጥ ቤት እየገዛሁ ነው። የአካባቢው ደላላ መጀመሪያ በስልክ በቪዲዮ አሳየኝ፤ በኋላም ሄጄ አይቼዋለሁ። ዋጋው 7 ሚሊዮን ብር ነው። 400 ሺህ ብር ቀብድ ከፍዬ በሦስት ምስክሮች ፊት ተፈራርመናል። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፤ ውክልናም አለው። ስም ማዛወሩ ወጪውም ጊዜውም ብዙ ስለሆነ ለጊዜው ቤቱን በውክልና እንድይዘው ደላላው መክሮኛል። መመላለሱ ከከበደኝም እኔን ወክሎ ሊፈርምልኝ ፈቃደኛ ነው። ሌላ ገዢ ስላለ ቀሪውን ገንዘብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፈይ ተብያለሁ። ውሉን አዲስ አበባ ማድረግ እችላለሁ ወይስ ሐዋሳ መሄድ አለብኝ? የስም ማዛወሪያውንስ ወጪ የሚከፍለው ማን ነው?

መልስ፦ የጠየቁኝን ሁለት ነገር ወደ ኋላ ላቆየው። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ያጣሁት ነገር ይበልጥብኛል። የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው? የደላላውን ቅልጥፍና፣ የሻጩን ጨዋነት፣ የምስክሮቹን ቁጥር ነግረውኛል፤ የባለቤቱን ስም ግን አልነገሩኝም። «ውክልናም አለው» የሚለውን እንደ ተጨማሪ ዋስትና አድርገው ጽፈውታል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እርሱ ነው። ሰው የገዛ ቤቱን ለመሸጥ ውክልና አያስፈልገውም። ስለዚህ እስካሁን የተፈራረሙት ከባለቤቱ ጋር አይደለም ማለት ነው።

ይህ ብቻውን ወንጀል አያሰኝም። ባለቤቱ ውጭ አገር የሚኖር፣ ወንድሙን ወይም ጓደኛውን በአግባቡ የወከለ ሰው ሊሆን ይችላል። ደላላው «እርስዎም በውክልና ይያዙት» ማለቱ ግን ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። በየከተማው የተለመደው እንዲህ ያለው ነው፦ ባለካርታው ቤቱን ይሸጥና ገንዘቡን ይቀበላል፤ ገዢው የቴምብር ቀረጡንና የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለመሸሽ ስሙን ሳያዛውር የመሸጥ የመለወጥ ሥልጣን ያለው ውክልና ብቻ ይቀበላል። ከዓመታት በኋላ ያው ገዢ «ወኪል» ሆኖ ለሌላ ይሸጣል። ሦስተኛዋ እርስዎ ሊሆኑ ነው። መዝገቡ ላይ ግን እስከ ዛሬ ባለቤቱ የመጀመሪያው ሰው ነው። ደንበኞች ዕድሜ ልክ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው የሚገቡበትና ባዶ እጃቸውን የሚወጡበት ጉድጓድ ይህ ስለሆነ፣ ታግሰው ያንብቡኝ።

ውክልና ባለቤት አያደርግም። በሕጉ ቋንቋ ወኪል ማለት በሌላ ሰው ስም፣ ለሌላ ሰው ጥቅም የሚሠራ ሰው ነው። ሰባት ሚሊዮን ብር ከፍለው ውክልና ሲቀበሉ፣ በወረቀቱ ላይ የሚታዩት የባለካርታው አገልጋይ ሆነው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ሲተላለፍ በመዝገብ መጻፍ እንዳለበት ይደነግጋል። በቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ ንብረቱ ባለበት ቦታ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንደማይኖረው ይናገራል። «ሦስተኛ ወገን» ሲባል ሩቅ ሰው እንዳይመስልዎ። የባለካርታው ሚስት፣ ልጆቹ፣ ያበደረው ባንክ፣ ፍርድ ያስፈረደበት ባለገንዘብ ሁሉ ሦስተኛ ወገን ናቸው።

ከዚያ የሚመጣውን ልንገርዎ። በቁጥር 2226 መሠረት ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ወረቀቱ ላይ «የማይሻር» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍም ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ቃል ዋጋ አይሰጠውም። ሲሽር እርስዎን ደውሎ አያማክርም፤ ያረጋገጠለት መሥሪያ ቤት ሄዶ ይፈርማል፣ አለቀ። ወካዩ ከሞተም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው አብሮት ያበቃል። ቤቱ በሟች ስም ስላለ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው «የአባታችን ቤት ነው» ብለው ይመጣሉ፤ ካርታውም ይመሰክርላቸዋል። ባለካርታው ተበድሮ ካልከፈለም ባለገንዘቡ መዝገብ አይቶ ቤቱን ያሳግደዋል። ፍቺ ከመጣ ቤቱ የጋራ ንብረት ሆኖ ክፍፍል ውስጥ ይገባል። እርስዎ በእነዚህ ሁሉ ክርክሮች ጣልቃ ገብ ሆነው «ገንዘብ ከፍያለሁ» ይላሉ። ዳኛው «ለማን?» ይልዎታል። ለወኪሉ። እርሱስ የት አለ?

የእርስዎን ነገር የሚያባብሰው ከባለካርታው ጋር በቀጥታ እንኳን አለመገናኘትዎ ነው። አሁን ያለው ወኪል ለእርስዎ ውክልና ሊያስተላልፍ የሚችለው የራሱ ውክልና ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን በግልጽ ከሰጠው ነው። ከሥሩ ያለው ሲሻር ከላዩ የተቀጠለው ሁሉ ይወድቃል። ጠቅላላ ውክልና ቢሆን ደግሞ ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድር» የሚል ወረቀት አስተዳዳሪ እንጂ ሻጭ አያደርግም።

ስለዚህ ሌላ ብር ከመላክዎ በፊት የውክልናውን ሙሉ ቅጂ ይጠይቁ። መሸጥ፣ ዋጋ መቀበል፣ ስም ማዛወር የሚሉት ሥልጣኖች እያንዳንዳቸው ተጽፈው እንደሆነ ይዩ። ቁጥሩንና ቀኑን ይዘው ውክልናውን ያረጋገጠው መሥሪያ ቤት ዘንድ በመሄድ ዛሬም በሥራ ላይ መሆኑንና አለመሻሩን ያጣሩ። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በአገር ውስጥ አረጋጋጭ መሥሪያ ቤት ማለፉን ይመልከቱ። ከሁሉ በላይ ባለካርታውን ራሱን ያግኙት። በሕይወት አለ? ቤቱ እየተሸጠ መሆኑን ያውቃል? ደላላው «እርሱን ማስቸገር አያስፈልግም» ካለዎት፣ ያ መልስ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ጠበቃ ዘንድ ይዘውት ይሂዱ።

የፈረሙትን ውል በተመለከተ ደስ የሚል ነገር የለኝም። በተለምዶ የመንደር ውል የምንለው ነው። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ (ውል ለማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ሹም እንጂ በደላላ አይደለም) ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሳያሟላ የተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል። በኋላ ደግሞ ተዋዋዮቹ ውሉን ባልካዱበት ጊዜ ለየት ያለ አቋም ይዟል። ሻጭዎ አይክድም ብለው ሰባት ሚሊዮን ብር እንዲያስይዙ ግን አልመክርም። ሦስቱ ምስክሮች ሦስት መቶ ቢሆኑም የሕጉን ፎርም አይተኩም።

ቀብዱን ደግሞ በማን የባንክ ሒሳብ አስገቡት? ይህንንም አልጻፉልኝም። በደላላው ሒሳብ ከሆነ የባንክ ደረሰኙ በሻጩ ላይ ምንም አይናገርም፤ ዛሬውኑ ሻጩ ገንዘቡን መቀበሉን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ያድርጉ። ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ እንዲመልስ ይላል። ይሁን እንጂ ውሉ ራሱ ፈራሽ ከተባለ እጥፉ ቀርቶ ዋናውን ማስመለስም የክርክር ጉዳይ ነው። ደረሰኙን፣ የስልክ መልእክቶቹን፣ የውሉን ዋናውን ቅጂ አንድ ቦታ ይሰብስቡ። ምንም እንዳያጠፉ፣ ከስልክዎ ላይም እንኳን ቢሆን።

ስለ ደላላው። እኔ ደላሎችን በጅምላ የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ በማያውቁት ከተማ ያለ እነርሱ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ደላላ አገናኝ ነው። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሁለቱም ወገን። «አይግዙ» ማለት ላለበት ሰው ይህ መጥፎ ወንበር ነው። እርስዎን ወክሎ ልፈርም ማለቱን በምስጋና ይለፉት። ከሻጩ ጋር ጥቅም ያለው ሰው የገዢ ወኪል ሲሆን በኋላ ውሉን ለማፍረስ ሕጉ መንገድ ቢሰጥዎትም፣ መንገዱ ረጅምና ውድ ነው። ሐዋሳ የሚኖር የቅርብ ዘመድ ካለዎት ወይም እዚያ የሚሠራ ጠበቃ ከቀጠሩ፣ አዲስ አበባ ባለው ውልና ማስረጃ ለዚህ አንድ ቤት ግዢ ብቻ የተወሰነ ልዩ ውክልና ይስጡት። ቤቱን፣ ዋጋውን፣ የሻጩን ማንነት በስም ይግለጹ። ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን አይጨምሩበት፤ ክፍያውን ራስዎ ከባንክ ወደ ባንክ ይፈጽሙ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ ቀድሞ የተያዘ ቦታ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚያዝ ቦታ)? በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ስንት እንደሚያስከፍል ማዘጋጃ ቤቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ውዝፍ እንዳለ ይጠይቁ። ቤቱ ከከተማው ዳር ከሆነ ቦታው በከተማ ይዞታነት የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ከገበሬ የተገዛ መሬት ላይ የቆመ ቤት በመንደር ውል ስንት ጊዜ ቢሸጥም ካርታ አያወልድም። ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ የቤቱ ማኅደር ካለበት መሥሪያ ቤት በቅርብ ቀን የወጣ ይሁን፤ ደላላው ያመጣልዎትን ፎቶ ኮፒ አይቀበሉ። ባለካርታው ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ይቅረብ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ ቤት በሁለቱም ስምምነት እንዲሸጥ ያዛል። ሆኖም ያ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሆነ፣ ክልሉ ላይ የሚሠራውን የሐዋሳው ጠበቃ ይንገርዎ። በሌላ ክልል ቤት ሲገዙ የአዲስ አበባን አሠራር ይዘው አይሂዱ፤ የሚጠየቀው ሰነድና ክፍያው ሊለያይ ይችላል። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ስለሆነ በቆዩ ሰነዶች ላይ የቀድሞው ደቡብ ክልል ማኅተም ቢያዩ አይደንግጡ። የሚያስደነግጠው ማኅደሩ ከካርታው ጋር አለመመሳሰሉ ነው።

ሁለቱ ሳምንታት ሕግ አይደሉም፤ ከፈረሙት ወረቀት ላይ ካልተጻፉ በቀር የደላላው ቃል ናቸው። ተጽፈው ከሆነ ግን ቀኑ ሳያልፍ ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ፦ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፤ የባለካርታውን ማንነት፣ የውክልናውን ማረጋገጫና ከዕዳ ነጻ ማስረጃውን አቅርቡልኝ ይበሉ። ይህን ደብዳቤ ጠበቃ ቢያረቅልዎ ይሻላል። ቀብድ ከፍለዋልና አንድ ያልታሰበበት ቃል «ውሉን ያፈረሰችው እርሷ ናት» ሊያስብል ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎችዎ ልመለስ። ውሉ ቤቱ ባለበት ከተማ፣ ሐዋሳ ላይ፣ ሥልጣን ባለው አረጋጋጭ ፊት ይደረግ፤ ስም ማዛወሩም ማኅደሩ ባለበት በዚያው ከተማ ይፈጸማል። በአካል መሄድ ካልቻሉ ከላይ ያልኩት ልዩ ውክልና ይበቃል። የወጪው ነገር በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ከሽያጩ ጥቅም ላይ የሚታሰበው ግብር በሕግ የሻጩ ዕዳ ነው፤ ካልተከፈለ ስሙ ስለማይዛወር ግን ችግሩ ወደ እርስዎ ይዞራል። የቴምብር ቀረጡን በተለምዶ ገዢው ይከፍላል። ወጪው እንዲቀንስ በውሉ ላይ ከሰባት ሚሊዮን ያነሰ ዋጋ እንዲጻፍ ቢጠይቁዎት እሺ አይበሉ። ነገ ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያስመልስልዎ የተጻፈውን ነው፤ ቀሪውን በምስክር ላስረዳ ቢሉም የጽሑፍ ውልን በቃል ማፍረስ ከባድ ነው። ከዋጋው ላይም የተወሰነው ገንዘብ ካርታው በእርስዎ ስም እስኪወጣ ድረስ እንዲቆይ ይዋዋሉ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ የውሉን ረቂቅ ሳይፈርሙ ይላኩልኝ።