በ12 ብልት 14 ሰው፦ የቤት ቀልድ ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የቤት ቀልድ መጻፍ የምትወዱ ብዙ ናችሁ፤ አንዳንዳችሁ ለሬዲዮ፣ አንዳንዳችሁ ለመድረክ፣ አብዛኞቻችሁ ደግሞ ለስልክ ቪዲዮ ትጽፋላችሁ። ረቂቆቻችሁ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ችግር ቤቱ የማንም ቤት አለመሆኑ ነው። እናትየዋ ትጮኻለች፣ አባትየው ይቆጣል፣ ልጁ ይዋሻል። ወጡ ምን ወጥ እንደሆነ፣ ቀኑ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ውሃ ከጠፋ ስንት ቀኑ እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ይህ ሲጎድል ጸሐፊው ሳቁን በጩኸት ለማምጣት ይታገላል። እኔ የማምነው የቤታችን ሳቅ ልኩ ላይ እንዳለ ነው። ልኩን ካወቃችሁት ማጋነን አያስፈልጋችሁም።

ዶሮ ወጥን እንውሰድ። በወጉ የተበለተች ዶሮ 12 ብልት ይወጣታል። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ ይቀመጣል፣ እንቁላሉም በሰው ልክ ይቀቀላል። እንግዲህ ለፋሲካ 10 ሰው ተጠርቶ 14 ቢመጣስ? ቀልዱ እዚያው ሒሳቡ ውስጥ አለ፤ የእናንተ ሥራ መከታተል ብቻ ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር የቤቱ እመቤት አፏ “ኑ ግቡ” ይላል፣ ዓይኗ ይቆጥራል። መጀመሪያ ልጆቹ ወደ ጓዳ ይጠሩና “እናንተ እኮ ጠዋት በልታችኋል” ይባላሉ። ቀጥሎ እንቁላሉ ለሁለት ይከፈላል። በመጨረሻ “እኔ እንኳ የምወደው አንገቱን ነው” ትላለች።

ጀማሪ ጸሐፊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እናት ለቤተሰቧ ስትል ከራሷ እንደምትቀንስ የሚያስረዳ ተራኪ ያስገባል፤ ሳቁም ፍቅሩም አንድ ላይ ይሞታሉ። ተራኪውን አውጡና ትንሹን ልጅ አስገቡ። “እማዬ፣ ለገና የምትወጂው ክንፉን ነበር እኮ” ይበል። ልጁ የተናገረው እውነት ነው፣ ማንንም አልሰደበም፣ እናቱን ግን በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ገለጣት። አድማጩ ይስቃል፣ ከዚያ የገዛ እናቱ ትዝ ትለዋለች። ቅደም ተከተሉ ይህ መሆን አለበት፤ ከተገለበጠ ሰው ካዘነ በኋላ እንዲስቅ እየጠየቃችሁት ነው፣ እሱ ደግሞ በጣም ከባድ ነው።

እንግዳን “ብላ” ማለትም ደረጃ አለው። ብዙ ረቂቅ ላይ ጋባዧ አሥር ጊዜ “ብላ! ብላ!” ትላለች። ያው ነገር ሲደጋገም ያሰለቻል። በእውነተኛው ቤት እንግዳው መጀመሪያ እምቢ የሚለው ለወጉ ነው፤ ሁለተኛው እምቢታ ውስጥ ትንሽ ተስፋ አለ፤ በሦስተኛው ይረታል። ጋባዧም በየዙሩ ከፍ ትላለች፦ መጀመሪያ “ቅመስ እንጂ”፣ ቀጥሎ “በሞቴ”፣ ከዚያ ቃል የለም፣ በጭልፋ ወጡን እንጀራው ላይ ታወጣለታለች። ቀጥሎ ጉርሻ ይመጣል። “ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው” የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም ገጸ ባሕርይ እንዳይጠቅሰው። ጭንቁን አሳዩት። ጉርሻው ከአፉ ይበልጣል፣ ልክ አፉ ሲሞላ ደግሞ “ሥራ እንዴት ነው? ደመወዝ ጨመሩልህ?” ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ከጉርሻው ቀድሞ ከመጣ ምንም አያስቅም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ላይ “አፉ እንደሞላ” ብላችሁ ለተዋናዩ ምልክት አድርጉለት።

የዓረፍተ ነገር አሠራር ላይ ብዙ ሳቅ ይባክናል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ዋናው ሰው ቀድሞ ይወጣል። “አባባ የልጆቹን እንጎቻ በላ” ብትሉ አስገራሚው ነገር የመጀመሪያው ቃል ላይ አለቀ። “የልጆቹን እንጎቻ የበላው አባባ ነው” ስትሉ ግን ጥፋተኛው እስከ መጨረሻ ድረስ ይጠበቃል። ከ“ነው” በኋላ ምንም አይጨመር። ተዋናዩ “ነው እኮ፣ አያችሁ አይደል” እያለ የሚያስረዝም ከሆነ አስቁሙት።

አንቱታም ጥሩ መሣሪያ ነው። እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት የተኛን ልጅ እናቱ “ጌታው ተነሱ? ቁርስዎን የት ላቅርብልዎ?” ብትለው ከቁጣ ሁሉ ይከብደዋል። በአንድ ትዕይንት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያረክሰዋል። እናት ልጇን ስትጠራ የወንድምና የእህቱን ስም የምታዳርስበትም ልክ አለው፦ ሁለት የተሳሳተ ስም፣ ሦስተኛው ትክክለኛው። አራት ካደረሳችሁት ተመልካቹ ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል።

ውጭ አገር ካለ ልጅ ጋር የሚደረግ ስልክ ከሁሉም የበለጠ የምወደው ርእስ ነው፤ ግን ሰዓቱን በትክክል አስሉ። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በእነሱ በጋ በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ትቀድማለች። በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ በበጋ እዚያ በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 1 ሰዓት ነው ማለት ነው። እናትየዋ ትደውላለች፣ ልጁ በእንቅልፍ ልቡ “አንድ ሰዓት ነው እኮ፣ እማ” ይላል። እሷ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፣ 2 ይላል። “ታዲያ የምንለያየው በአንድ ሰዓት ነው፤ እስካሁን አልተነሳህም? ሥራ አቆምክ እንዴ?” ትለዋለች። በእነሱ ክረምት ከሆነ ደግሞ ያው ስልክ እኩለ ሌሊት ይደርሰዋል። “አሥራ ሁለት ነው” ካላት እሱም እንደ እሷ ጎሕ ሲቀድ የነቃ ይመስላታል። ይህ ትዕይንት የሚያስቀው ሁለቱም በየራሳቸው ሰዓት ትክክል ስለሆኑ ነው። እናትየዋን ምንም እንደማታውቅ አድርጋችሁ ከጻፋችኋት ይበላሻል። ሪያድ ያለች እህት ከሆነች የሰዓት ልዩነት ጭራሽ የለም፤ የሚለያየው አጠራሩ ብቻ ስለሆነ የምሽቱ 2 የእሷ 8 ነው፣ ቀልዱም ሌላ ዓይነት ይሆናል። የአሜሪካ ሰዓት በማርችና በኖቬምበር ስለሚቀየር ታሪኩ በየትኛው ወር እንደሆነ ሳትወስኑ ቁጥር አትጻፉ። እንዲህ ያለ ስሌት የሚያውቅ አድማጭ ብዙ ነው፤ አንድ ጊዜ ከያዛችሁ ቀሪውንም አያምናችሁም።

እንጀራ እየተጋገረ መብራት ሲጠፋ የሚያሳይ ትዕይንት ብዙ ይጻፋል። “መብራት ጠፋ፣ ሁሉም ጮኸ” ግን ታሪክ አይሆንም። የሚያስጨንቀው ምን እንደሆነ እወቁ። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ብሏል፤ ዛሬ ካልተጋገረ ይኮመጥጣል። ምጣዱ መብራት እንደጠፋ ወዲያው አይቀዘቅዝም፣ ሸክላው ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ “አንድ ትችላለች”፣ “አትችልም፣ ዓይን አታወጣም” የሚል ክርክር አለ፤ አንዷ ትጋገርና ዓይን አልባ ሆና ትወጣለች። የተረፈው ሊጥ በባልዲ ተይዞ በእንጨት ወደምትጋግር ጎረቤት መሄድ አለበት። እዚህ ላይ ጎረቤቷን ከእነሱ ጋር ሁለት ሳምንት የተኮራረፈች አድርጓት። ኩርፊያ ይቆያል፣ ሊጥ ግን አይቆይም። ማን ባልዲውን ይዞ እንደሚሄድ፣ በሩ ላይ የመጀመሪያውን ቃል ማን እንደሚናገር ስትወስኑ ትዕይንቱ ራሱ ይጻፋል።

ለሬዲዮ ከሆነ በ3 ደቂቃ ውስጥ ከአራት ድምፅ በላይ አታስገቡ። እድሜያቸው የተቀራረበ ሁለት ሴቶች ካሉ አድማጩ ይምታታበታል፤ አንዷን አያት አድርጓት ወይም ለአንዷ ሌላው የማይጠቀምበት አነጋገር ስጧት። የእያንዳንዱ ስም ገና ሲገባ በሌላ ሰው አፍ ይጠራ። ቦታውን በወሬ አትግለጹ፤ የሙቀጫ ድምፅ ከተሰማ ሁሉም ጓዳ ውስጥ ነው፣ የቡፌው መስታወት ከተከፈተ ደግሞ ከባድ እንግዳ መጥቷል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። የቤት ሠራተኛዋን መሳቂያ ማድረግ ይቅር። ከገጠር የመጣችን ልጅ አነጋገር እየኮረጁ ማሳቅ ቀላል ነው፤ የሚሰማው ቤት ውስጥ ግን እሷው ወጥ እየሠራች ታዳምጣለች፣ መልስ መስጠትም አትችልም። በአለቃ ገብረ ሐና ስም ሲነገር የኖረው ቀልድ መኳንንቱን ሳይቀር ይነካል። በቤት ውስጥም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ፈልጉ፦ ሪሞት የያዘው፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ያለው፣ “እኔ በእናንተ ዕድሜ” የሚለው። እሱ ላይ ጻፉ፤ ይችለዋል።

የገዛ ቤተሰባችሁን ታሪክ ስትጠቀሙ ስም መቀየር አይበቃም። ሰፈር ሰውን በበሩ ቀለም፣ በውሻው፣ በሳሉ ያውቃል። ሥራውንም፣ የልጆቹን ብዛትም፣ ሰፈሩንም ለውጡ። አማትና ምራት ከሆኑ እጥፍ ተጠንቀቁ፤ ቀልዱ አልፎ ኩርፊያው ሊቀር ይችላል።

ለቅሶ ቤትም ሳቅ አለ። ድንኳኑ ውስጥ ማታ ካርታ ሲጫወቱ፣ ወይም ሠልስት ላይ አንዱ የሟቹን ጨዋታ ሲያነሳ ሐዘንተኛው ራሱ ይስቃል። ይህን ለመጻፍ አትፍሩ፣ ግን የመጀመሪያው ሳቅ ከሐዘንተኛው ወይም ከቅርብ ዘመድ ይምጣ። ከሩቅ እንግዳ ከመጣ ያስቀይማል።

ረቂቁን ስትጨርሱ በልባችሁ አታንብቡት። ጮክ ብላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ቢቻል እናትና አያት ባሉበት አንብቡት። ሰው የሚስቅበትን ሳይሆን ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅበትን ቦታ በእርሳስ አስምሩ፤ እዚያ ላይ አንድም ቃል አይነካ። “እኛ ቤት እንዲህ አይደለም” የሚል ሰው ካለ አትከራከሩት፤ እነሱ ቤት እንዴት እንደሆነ ጠይቁትና ጻፉት። በሁለት የተለያዩ ቤቶች ዝም የተባለበትን መስመር ደግሞ ለማስተካከል አትድከሙ፣ አውጡት።