«አባይ» ውሸታም ነው ወይስ ወንዝ? ጥያቄና መልስ

ስለ ውሸት ቃላት ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ እዚሁ ልመልስ። አማርኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት። አስቀድሜ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ፊደሉን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ መምህር፣ መጽሐፈ ምሳሌ 11፥1 ላይ «አባይ ሚዛን» ይላል። ወንዙን ምን አመጣው?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ወንዙ የለበትም። «አባይ» ማለት ውሸታም፣ አታላይ ነው። ግሱ «አበለ» ነው፣ ዋሸ ማለት። ስሙ «እብለት»። «ገደለ» ብለን «ገዳይ»፣ «በደለ» ብለን «በዳይ» እንደምንለው ሁሉ «አበለ» ብለን «አባይ» እንላለን። መጨረሻ ላይ ያለው «ለ» ወደ «ይ» ይለወጣል። የወንዙ ስም ግን የሚዛመደው ከግእዙ «ዐቢይ»፣ ትልቅ ከሚለው ጋር ነው። ድምፃቸውም አንድ አይደለም። ወንዙን ስትጠሩ «ባ» ይጠብቃል፤ ከንፈር ገጥሞ ትንሽ ይቆያል። ውሸታሙን ስትጠሩ ይላላል። አንዲት ተማሪዬ ይህን ጥቅስ አጥብቃ አነበበችውና ግራ ገባት። «አያትሽ ‹አባይ ጠንቋይ› ሲሉ ሰምተሽ አታውቂም?» አልኳት። በለሆሳስ አለችው፣ አላልታ። «እንዴ! የሚያጭበረብር ሚዛን ነው?» ብላ ቀና አለች። ጆሮዋ ያውቀው ነበር፤ ያሳሳታት ፊደሉ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የውሸታም ልጅ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ወንዙ ነው።

አንድ አባል፦ እኛ ሰፈር ግን ለውሸታም ልጅ ሲባል ሰምቻለሁ።

ሌላዋ፦ ወንድሜ፣ ውሃው ምን ሊሠራ ገባ ታዲያ?

ሦስተኛው፦ ግድቡ ከተመረቀ ወዲህ ተረቱ ራሱ መቀየር አለበት።

መልስ፦ ስለ ግድቡ ሌላ ቀን። ወንዙን በዐይኑ «ዓ» መጻፍ ይረዳል፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱንም በአልፋው «አ» ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሐሰት በየትኛው «ሀ» ነው?

መልስ፦ በሐመሩ «ሐ»፣ በእሳቱ «ሰ»። ከግእዙ «ሐሰወ» ነው። «ሐሳዊ መሲሕ»ም ከዚያው ነው። ሲነበብ «ሰ» ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ እስቲ ስለ ውሸት ንገሩን።

መልስ፦ ምኑን? «ዋሸ» ስንል «ሸ» ይጠብቃል፣ «ውሸት» ስንል ይላላል። ሌላ ከፈለግህ ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሜሪካ የተወለደው ልጄ «ነጭ ውሸት እኮ ችግር የለውም» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ የሚያስበው በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ ነጭ ውሸት ሰው ላለማስቀየም ጣል የምትደረግ ቀላል ውሸት ናት። በእኛ ቋንቋ ነጭ ውሸት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። አያቱ ምግብ ልከውለት «ይጣፍጣል ያልኩት ነጭ ውሸት ነው» ቢላቸው ምን እንደሚሰማቸው አስቢው። ልዩነቱን ዛሬውኑ አስረጂው።

ጥያቄ፦ ለማመልከቻ የቱ ቃል ይሻላል?

መልስ፦ «ሐሰተኛ»። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም «ሐሰተኛ መረጃ» ነው የሚለው። ለቀረው ጠበቃ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሿሿስ?

መልስ፦ ታክሲ ውስጥ አጣበው ስልክ የሚወስዱበት ዘዴ ነው። እሱ ስርቆት ነው፤ የያዝነው ውሸትን ነው።

ጥያቄ፦ የአባይና የዓባይ ልዩነት ምንድን ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ ያውም በሰፊው። ተመለስና አንብበው። ጮክ ብለህ።