ስልኮቻችን ማድቤት ሲገቡ፦ ስለ ጠለፋና ስለ ሕጉ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ሸዋበር አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። አቦል ከመቀዳቱ በፊት የቤቱ እናት ሰፌድ ይዘው ዞሩ። ስልኮቻችንን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ዘጠኝ ስልክ ሰፌዱ ላይ ተደረደረ። ነጠላ አለበሱትና ማድቤት ወስደው ከበርበሬው ማሰሮ አጠገብ አስቀመጡት። ከዚያ «አሁን አውሩ» አሉን።

እኔ ጠበቃ ነኝ። ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በቃል ስለማይሆን ጻፉልኝ አልኩ። በካሬ ደብተር ቅዳጅ ጽፈው የሰጡኝ አሉ። ከኮምቦልቻም በወንድም እህት የላኩ አሉ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። አቋሜን ቀድሜ ልናገር፦ ግራ ዘመም ነኝ። ሕግ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ጉልበት የሌለውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ነው።

ልጄ፣ ቁርጡን ንገረኝ። ይሰሙናል ወይስ ዝም ብለን ነው የምንፈራው? (ስልኮቹን የሰበሰቡት እናት)

እማማ፣ የሁሉንም ሰው ወሬ ቁጭ ብሎ የሚሰማ መንግሥት የለም። የሰው ኃይል አይበቃውም። የፈለገውን ሰው መርጦ መስማት ግን ይችላል። ስለዚህ ፍርሃትዎ ከባዶ የመጣ አይደለም። ድሮ ጆሮ ጠቢው ሰው ነበር። ጠጅ ቤት ይቀመጣል፣ መልኩ ይታወቃል፣ ሲገባ ወሬ ይቀየራል። የዛሬው ሲገባ አይታይም።

ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደብዳቤያችንም የስልክ ንግግራችንም እንደማይደፈር ይናገራል። ያው አንቀጽ ዝቅ ብሎ ግን በር ይከፍታል። አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከል ተብሎ በሚወጣ ዝርዝር ሕግ መብቱ ሊገደብ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ የዚያ በር ስፋት ነው። «የሕዝብ ሰላም» በሚለው ቃል ስንቱ ነገር ይገባል?

ንግግሬን ካልሰሙ፣ የደወልኩበት ሰዓት ቢታይ ምን ይጎዳኛል?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ትንሽ ልቆይበት።

አንዲት ሴት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆስፒታል ደወለች እንበል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሐረር ላለ ወንድሟ ደወለች። ሊነጋ ሲል የእድሩን ሰብሳቢ አነጋገረች። አንድም ቃል አልሰማንም። ግን ያ ቤት ምን እንደደረሰበት የማያውቅ ወሎዬ አለ?

ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ከየት፣ ለስንት ደቂቃ፦ ይህ መዝገብ ኑሮን ይዘረዝራል። ሰው ሲያወራ ሊዋሽ ይችላል፣ መዝገቡ ግን አይዋሽም። በእኛ አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው ይህን መሰሉን የትራፊክ መረጃ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያዛል። የተጠረጠረ ሰው መዝገብ ብቻ አይደለም። የሁላችንም ነው። የማንም ተጠርጣሪ ያልሆነ ሰው ኑሮ ለዓመት መጋዘን ውስጥ መቀመጡን እቃወማለሁ።

ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መጥለፍ ይቻላል?

ደንቡ አይቻልም ነው። ነገሩ ያለው ከደንቡ ውጭ በተተዉት ጉዳዮች ላይ ነው። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 25 ጠለፋ በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው። ቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ጉዳት ሊደርስ ነው የሚል ምክንያት ካለ ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ዛሬ ሥልጣኑ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው) ራሱ መፍቀድ ይችላል። ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ያቀርባል። እስከዚያ ንግግሩ ተሰምቷል፣ ተቀድቷል። የተሰማን ነገር ዳኛ ሊያስመልሰው አይችልም።

ከሱ በፊት የነበረው የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 የባሰ ነበር። የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ምንጩም የተገኘበት መንገድም ሳይነገር ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ ይፈቅድ ነበር። ለጠበቃ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ምስክር የለም። የምትጠይቀው ሰው የለም። ወረቀቱ «እንዲህ ብሏል» ይላል፣ በቃ። በ2006 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ መልእክትን በምስጢር መላክ የሚያስተምር ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። በራቸውን መዝጋታቸው ራሱ ወንጀል ተደረገ። ያ አዋጅ በ2012 በአዋጅ 1176 ተተክቷል። መተካቱ ጥሩ ነው፤ ደስ ብሎኛል።

አዋጅ 958 በወጣ ጊዜ የነበረውን ፓርላማ አስታውሱ። 547ቱም መቀመጫ የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ነበር። ቆሞ «48 ሰዓት ለምን?» የሚል ተቃዋሚ አልነበረም።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅስ?

ይህን ኖረንበታል። ሐምሌ 28, 2015 የታወጀው አዋጅ እስከ ግንቦት 2016 አሥር ወር ቆየ። ያለ ማዘዣ መፈተሽና መያዝ ተፈቅዶ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ጠፍቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩ ብሎ የቆጠራቸው አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ሁለት ንዑስ አንቀጾች ናቸው። 26 እዚያ ውስጥ የለም። ሕገ መንግሥቱ አንድ ቀን የሚሻሻል ከሆነ እዚህ ጋ ሙግት እንግጠም።

እህቴ ቨርጂኒያ ናት። እሷ ጋ ስደውል እንኳ ዘና እላለሁ፤ እዚያ ሕግ አለ አይደል?

አለ። ግን አንተን አይጠብቅህም፣ ወንድሜ። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ዘርዘር ላድርገው።

አሜሪካ በፈረንጆች 1978 የውጭ ስለላ ሕግ አወጣች (የአሜሪካውን ሳወራ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። የስለላ ድርጅቶቿ የገዛ ዜጎቿን ሲሰልሉ በሴኔት ምርመራ ስለተጋለጡ ነው። ለዚሁ የሚፈቅድ ምስጢራዊ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። በ2008 ሕጉ ሲሻሻል አንቀጽ 702 የሚባለው መጣ። አሜሪካዊ ያልሆነና ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው፣ ለውጭ ጉዳይ መረጃ ይጠቅማል ከተባለ፣ ለየሰው የዳኛ ፈቃድ ሳያስፈልግ ግንኙነቱ ይሰበሰባል። ፍርድ ቤቱ በዓመት አንዴ አሠራሩን በጥቅሉ አይቶ ያጸድቃል። ደሴ ተቀምጦ ቨርጂኒያ የሚደውል ኢትዮጵያዊ ሕጉ «ውጭ ያለ ሰው» ከሚላቸው አንዱ ነው። ዒላማ ሆነሃል ማለቴ አይደለም። ብትሆን ግን በስምህ የሚጠየቅ ዳኛ የለም። እህትህ ደግሞ በአንተ በኩል አብራ ትገባለች።

የአሜሪካኖቹ ሙግት በእህትህ ላይ ነው። አንዴ ከተሰበሰበ በኋላ ኤፍ.ቢ.አይ. በአሜሪካዊ ስም ሲፈልግ የዳኛ ፈቃድ ያምጣ ወይስ አያምጣ? ያለ ፈቃድ ሲፈልግ የሆነውን አይተዋል። በ2020 ከዘር ፍትሕ ሰልፎች ጋር በተያያዘ የተያዙ 133 ሰዎች ስም በዚያ መዝገብ ተፈልጓል። ሰልፈኞች ናቸው እንግዲህ።

ሚያዝያ 2024 ሙግቱ ምክር ቤት ቀረበ። «ፈቃድ ያምጡ» የሚለውን ሐሳብ ከግራ እነ ፕራሚላ ጃያፓልና ጄሪ ናድለር፣ ከቀኝ እነ አንዲ ቢግስና ጂም ጆርዳን አብረው ያዙት። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሰዎች ናቸው። ድምፅ ተቆጠረ። 212 ለ 212። እኩል ከወጣ ሐሳቡ ይወድቃል፤ ወደቀ። አንቀጹም ለሁለት ዓመት ታደሰ።

እኔን ያመመኝ ሌላም አለ። የባይደን መንግሥት ሐሳቡን ተቃውሟል። በ2008 በፈረንጆች ሴናተር የነበረው ኦባማ በስለላው የተባበሩ የስልክ ኩባንያዎችን ከክስ ነፃ የሚያደርገውን ሕግ እታገላለሁ ብሎ፣ በኋላ ደግፎ ድምፅ ሰጠ። ግራ ነኝ የሚል ሰው የራሱን ወገን ጥፋት ሸፍኖ የሌላውን ማውራት የለበትም። ሥልጣን ላይ የወጣ ሁሉ የሚሰማበትን ጆሮ ይወደዋል። በ2001 ስለላን ያሰፋው የፓትሪዮት ሕግ ሴኔት ሲቀርብ ከ99 ድምፅ አንዱ ብቻ ነበር የተቃወመው፦ ራስ ፋይንጎልድ። ያን ሰው አከብረዋለሁ።

ስኖደን ጀግና ነው ከዳተኛ?

ስኖደን ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይሠራ የነበረ፣ ምስጢራዊ ሰነዶቹን ያወጣ ሰው ነው። ለእኔ ባለውለታ ነው። መጋቢት 2013 ሴናተር ሮን ዋይደን የስለላውን ኃላፊ ጄምስ ክላፐርን «በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያን መረጃ ይሰበሰባል ወይ?» ብሎ በአደባባይ ጠየቀው። አይሰበሰብም አለ። ሦስት ወር ሳይሞላ ስኖደን የሚሰበሰብ መሆኑን በሰነድ አሳየ። በ2015 ኮንግረስ የስልክ መዝገብ በጅምላ መሰብሰቡን በሕግ አስቆመ። ሰነዱ ባይወጣ ያ ሕግ አይወጣም ነበር።

ደሴ ጦርነት ያየች ከተማ ናት። አንተ ደኅንነትን ትንቃለህ እንዴ?

አልንቅም፣ ጋሼ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ስልክ ጠፍቶ፣ ማን በሕይወት እንዳለ ሳናውቅ የከረምን ሰዎች ነን። እናቴን ሳላገኛት የቆየሁባቸው ቀናት አሁንም ሌሊት ያባንኑኛል። ታጣቂ የሚከታተል፣ ፈንጂ የሚያጠምድን ሰው የሚሰማ መንግሥት እፈልጋለሁ። የምለው ሁለት ነገር ነው። ከመስማቱ በፊት «እምቢ» ማለት የሚችል ዳኛ ይጠየቅ። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ደግሞ ያልተከሰሰው ሰው «ይህን ያህል ጊዜ ተሰምተህ ነበር» ተብሎ ይነገረው። ሁለተኛውን በእኛ ሕግ ፈልጌ አላገኘሁትም። ካልተነገረህ መጠለፍህን አታውቅም። ካላወቅህ አትከስስም። ካልከሰስክ አንቀጽ 26 ወረቀት ላይ ይቀራል።

ምንም የምደብቀው ከሌለኝስ?

በርህን ዘግተህ ነው የምትታጠበው። ወንጀል ስለሠራህ አይደለም።

ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ላይ ነኝ። የምንገባው በአሻራ ነው። ማኅበር ስለማቋቋም ካወራን በማግስቱ ሱፐርቫይዘሯ ሁሉን ታውቃለች። ይህም ስለላ ነው?

ነው፣ እህቴ። ለሠራተኛ ደግሞ አለቃው ከመንግሥት ይልቅ ይቀርበዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመደራጀት መብት አለሽ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ድርጅቱ ስለ አንቺ የያዘውን መረጃ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማስተካከል መብት ይሰጥሻል። አሻራሽ የተሰበሰበው ለሰዓት መቆጣጠሪያ ከሆነ ለሌላ ሊውል አይገባም። ለብቻሽ አትጠይቂ። ዐሥር ሆናችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅጂውን አስቀሩ፤ ቀን ጻፉበት።

ቅሬታዬን ልጨምር። ይህን አዋጅ የሚያስፈጽመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፋብሪካውን ሊቆጣጠር ይችል ይሆናል። መንግሥትን ማን ይቆጣጠርልን? ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ መሆን ነበረበት።

ፋይዳ መታወቂያ ላውጣ አላውጣ?

አውጣ። መታወቂያ ማጣት ድሃውን ነው የሚጎዳው። ሥጋቴ ሲም ካርዱም ባንኩም በአንድ ቁጥር ሲታሰሩ ያንን ቁጥር ተከትሎ ማን ምን ማየት ይችላል የሚለው ላይ ነው።

ኬላ ላይ ስልክህን ክፈት ቢሉኝስ?

በሕጉ ደንቡ ያለ ማዘዣ አለመፈተሽ ነው። በሕይወት ግን ወንድሜ፣ መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር ስለ አንቀጽ አትከራከር። አንድ ደንበኛዬ የሐዘን ፎቶ ነው ያለው ምስል ስልኩ ላይ ተገኝቶ ሦስት ቀን አድሯል። የሟች አጎቱ ፎቶ ነበር። ክፈት ካሉህ ክፈት። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ያሉህን ቤትህ ስትደርስ ጻፍና ወደ ጠበቃ ና።

ስልክ ብቀይር እድናለሁ?

ስልኩ ላይ የሚጫን የስለላ ፕሮግራም ከሆነ በአዲሱም ሊላክብህ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሩን የምንከፍትለት እኛው ነን። የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲትዝን ላብ በ2014 በፈረንጆች የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ፕሮግራም የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን አወጣ። በ2017 ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት። ያኛው ሲላክ «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ አድሱ» እያለ ነበር። አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሬ ተጠልፏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት እዚህ አይከሰስም ብሎ መለሰው። ስለዚህ ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል አትክፈቱ፤ ስልካችሁን አድሱ፣ ግን ከራሱ መደብር ብቻ።

ቴሌግራም ይሻላል ዋትስአፕ?

ዋትስአፕና ሲግናል መልእክቱን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ይመሰጥሩታል። ቴሌግራም እንዲህ የሚያደርገው «ምስጢራዊ ውይይት» የሚለውን ከፍታችሁ ሁለት ሆናችሁ ስትጻጻፉ ብቻ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ እንዲህ ከስልክ እስከ ስልክ አይመሰጠርም። የእድራችን ግሩፕ ላይ የመታወቂያና የባንክ ደብተር ፎቶ የምትልኩ ሰዎች፣ ዛሬውኑ አጥፉት።